ጥርሱ ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። አባባሉ የወጣው ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚስቅ ነው እንጂ ስለ መንጋጋ ሕመም ታስቦ አይደለም። ይሁንና አንድ ጊዜ ጥርሱን ያስነቀለ ሰው አባባሉን እንደገና መመርመሩ አይቀርም። በአፋችን ውስጥ ሳለ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማናስበው ያ ባዳ፣ ከወጣ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ስንበላ፣ ስንተኛ፣ ስንናገር፣ በአለቃችን ፊት ስንቆም ሳይቀር እርሱን ብቻ እንድናስብ ያስገድደናል።

ጥርስን ጠብቆ ስለ መያዝ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ይጻፋል። ዛሬ ለመነጋገር የፈለግነው ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ጥርሱ ወጥቶ ባለቤቱ ጉንጩን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለሚጀመረው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ስለዚህ ሳምንት ምክር አይሰጥም ማለታችን አይደለም፤ ይሰጣል። ነገር ግን ምክሩ የሚነገረው ከንፈራችን ደንዝዞ፣ ዐይናችንም በሳሕኑ ላይ በተጣለው ጥርስ ላይ ተተክሎ ሳለ ስለ ሆነ፣ ግማሹ ከበሩ ሳንወጣ ይጠፋል። የቀረውንም ግማሽ ቤት የሚጠብቁን ወዳጆቻችን ያጠፉታል።

ለዚህ ከራሴ የተሻለ ምስክር የለኝም። በመሥሪያ ቤት ገና ጀማሪ ጸሓፊ ሳለሁ፣ በታችኛው መንጋጋዬ በስተቀኝ ያለ አንድ ጥርስ ለወራት ሲያሠቃየኝ ቆይቶ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ አስነቀልሁት። ዓርብን የመረጥሁት ቅዳሜንና እሑድን ተኝቼ ሰኞ ጧት እንደ ደኅና ሰው ከጠረጴዛዬ ለመቀመጥ ነበር። መነቀሉ በእውነቱ ከፈራሁት ይልቅ ቀላል ሆነ። አንድ መርፌ፣ ጥቂት መገፋፋት፣ አንድ የሚሰቀጥጥ ድምፅ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ። ሐኪሙ ፋሻ አስነክሶኝ አንዳንድ ነገር ተናገረ፤ እኔም ሁሉን እንደ ሰማ ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ ወጣሁ።

ከቤት ስደርስ አከራዬ ደሙን አይተው ደነገጡ። «ልጄ፣ ቍስሉ እንዳያመረቅዝብህ በዚህ ተጉመጥመጥበት» ብለው ከጓዳ የአረቄ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ከእርሳቸው በኋላ ሊጠይቀኝ የመጣው ጓደኛዬ ደግሞ የሞቀ የጨው ውሃ አዘዘ። ሁለቱም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸውና የሁለቱንም ትእዛዝ ፈጸምሁ። ማታ በአረቄ፣ ጧት በጨው ውሃ እየተጉመጠመጥሁ በኃይል እንትፍ እል ጀመር። በመካከሉም፣ ያን ጊዜ ገና አጫሽ ነበርሁና፣ ሁለት ሲጋራ አጨስሁ። ቅዳሜን ደኅና ዋልሁ። እሑድ ማታ ግን ከመንጋጋዬ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ፣ ከጆሮዬም ወደ ጆሮ ግንዴ የሚወጣ ውጋት ያዘኝ፤ የታመመው ጥርስ በቦታው ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ባሰብኝ። ሰኞ ከጠረጴዛዬ ቀርቤ አንዲት አጭር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ። በልቤም «ይህ ሐኪም ወይ ደኅናውን ነቅሎ በሽተኛውን ትቶታል፣ ወይ ሥሩን ሰብሮ ጥሎታል» እያልሁ ስረግመው ዋልሁ።

ማክሰኞ ተመልሼ ስሄድ ክሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ በመብራት ከተመለከተ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ጥርሱን የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን ነቅለህ የጣልኸው ግን አንተ ነህ» አለኝ።

መድኃኒት ያለው ማንም ከመድኃኒት ቤት የማይገዛውን የገዛ ደማችንን ነው። ጥርስ ሲነቀል ሥሩ የነበረበት ጕድጓድ ባዶውን ይቀራል፤ በዙሪያው ያለው አጥንትና በውስጡ ያለው የነርቭ ጫፍም ይገለጣል። ወዲያው ጕድጓዱን ደም ይሞላውና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደ እርጎ ይረጋል። ይህ የረጋ ደም መፍሰሱን ያቆማል፤ አጥንቱን ከአየር፣ ከምግብና ከምራቅ ይሸፍናል፤ ከዚያም አዲስ ሥጋ የሚበቅልበት መደብ ይሆናል። ጠቢብ የሠራው ፋሻ እንዲህ ልክክ ብሎ አይገጥምም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን እጅግ ስስ ነው። አፍን ሲመጡት ይነሣል፤ በኃይል ሲተፉ አብሮ ይወጣል፤ በምላስ ሲነካኩት ይላጣል፤ በትኩስ ነገር ሲያጥቡት ይሟሟል። ስለዚህ ከጥርስ ነቀላ በኋላ የሚሰጠው ምክር በቍጥር ብዙ ቢመስልም፣ አብዛኛው ያን የረጋ ደም በቦታው ስለ ማቆየት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ምክሩን በቃሉ ባይዘው እንኳ ከአእምሮው ሊያወጣው ይችላል።

በቀድሞው ዘመን ሰው የሚፈራው ከነቀላው በኋላ ያለውን ሳምንት ሳይሆን ነቀላውን ራሱን ነበር። ጉጠት ይዞ የሚመጣው ሰው የታማሚውን ትከሻና ራስ የሚይዙ ጎበዞች ያስፈልጉት ነበር። በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ የነበረ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 1844 ዓ.ም. ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ስቦ የገዛ መንጋጋውን አስነቀለ፤ ሕመምም አልተሰማውም። በተከተለው ዓመት በቦስተን ይህንኑ ለሐኪሞችና ለተማሪዎች ሊያሳይ ሲሞክር ግን፣ ታማሚው በመካከሉ ስለ ጮኸ ተሳለቁበት። ብዙም ሳይቆይ የቀድሞ ባልንጀራው ዊሊያም ሞርተን ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በኤተር አደንዝዞ የቀዶ ሕክምና ሲደረግ አሳየና ስሙ ገነነ። ሰውየውን ሳያስተኙ ድዱን ብቻ የሚያደነዝዘው መርፌ የመጣው ደግሞ ከ1884 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ በኮኬይን፣ በኋላም ከእርሱ በሚሻሉ መድኃኒቶች። ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ ስዊድናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1943 ዓ.ም. የሠራው ሊዶኬይን ዛሬም በብዙ የጥርስ ክፍሎች የሚሠራበት ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ድካም ሕመሙ ከሐኪሙ ወንበር ላይ ተነሣ፤ ተነሥቶ ግን የትም አልጠፋም፤ ወደየቤታችን ተዛወረ። የሚመጣውም ሐኪሙ በሌለበት ሰዓት፣ ይልቁንም በሌሊት ስለ ሆነ፣ ታማሚው ራሱ አስታማሚ መሆን ግዴታው ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከክፍሉ ሳንወጣ በምንነክሰው ፋሻ ነው። ፋሻውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠበቅ አድርጎ ነክሶ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝም ማለት ያልነው በምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው በታክሲ ውስጥ ሳለ የሆነውን ሁሉ ለጓደኛው ለመተረክ ሲል ፋሻውን እንደ ማስቲካ ያኝከዋል፤ በየአምስት ደቂቃውም አውጥቶ ደሙን ይመለከተዋል። ደሙን የሚያቆመው ሳይቋረጥ የሚቆይ ግፊት ነው እንጂ ፋሻው አይደለም። ከንፈርና ጉንጭም ለጥቂት ሰዓታት ደንዝዘው ስለሚቆዩ፣ ማደንዘዣው ሳይለቅ የሚበላ ሰው የራሱን ጉንጭ እንደ ሥጋ ሊያኝክ፣ በትኩስ ሻይም አፉን ሊልጥ ይችላል። ድንዛዜው እስኪለቅ መታገሥ ይሻላል።

በዚያ ቀን ምራቅ ቀላ ብሎ ቢታይ አያስደነግጥም። አንዲት ጠብታ ደም ከምራቅ ጋር ስትቀላቀል አፍ ሙሉ ደም ትመስላለችና፣ በጧት ትራሱ ላይ ያየውን ቀይ ነገር ቆጥሮ ደሜ አለቀ የሚል ሰው ብዙ ነው። እየወፈረ አፍን የሚሞላ ደም ከሆነ ግን፣ ንጹሕ ፋሻ አጣጥፎና በውሃ አርጥቦ በጕድጓዱ ላይ በማድረግ እንደገና ግማሽ ሰዓት መንከስ ነው። ፋሻ ያጣ ሰው በውሃ የራሰ የሻይ ከረጢት ቢነክስ፣ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን የተባለው ነገር ደሙን እንዲረጋ ይረዳዋል። ይህም ካላቆመው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ ነው እንጂ ነገ ይነጋል ብሎ መተኛት አይገባም። ለመተኛትም ቢሆን አንድ ትራስ ጨምሮ ራስን ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ዝቅ ብሎ የተኛ ሰው ደሙ ወደ ራሱ ስለሚወርድ ቍስሉ ልብ ልብ እያለ ያድራል። በረዶ የሚያገኝ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ጉንጩ ላይ ቢይዝ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ቢያሳርፍ፣ በመጀመሪያው ቀን እብጠቱን ያቃልልለታል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። አብዛኛው ሰው ማስታገሻውን ኪሱ ውስጥ ይዞ «እስኪያመኝ ልጠብቅ፤ መድኃኒት ማብዛት ጥሩ አይደለም» ይላል። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ አንድ ጊዜ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ የተዋጠ እንክብል ደግሞ ሊሠራ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እንክብል ድንዛዜው ሳይለቅ መዋጥ፣ በመጀመሪያው ቀንም ሰዓቱን ጠብቆ መድገም ይሻላል። ማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ዝናቡ ከወረደ በኋላ ጃንጥላውን ሊያመጣ አይመለስም።

ስለ መድኃኒቱ ዓይነትም እውቀቱ ተሻሽሏል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ከጥርስ ነቀላ በኋላ ለሚመጣ ሕመም መጀመሪያ የሚመረጠው እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት ብቻውን ወይም ከፓራሲታሞል ጋር ሆኖ ነው ይላል። ጤናማ የሆነ ዐዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌንን ከ500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ጋር ሲወስድ፣ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚሠሩ አንዱ ብቻውን ከሚያደርገው የበለጠ ይረዳሉ። በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ ሊደገም ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቡፕሮፌን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 ሚሊ ግራም፣ ፓራሲታሞል ደግሞ በማናቸውም ምክንያት ከ4000 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ዳይክሎፌናክ የአይቡፕሮፌን ዘመድ ስለ ሆነ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጕዳት ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳይጠይቁ መውሰድ የለባቸውም፤ ጕበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ስለ ፓራሲታሞል ይጠይቅ። ጨጓራ የሌለበት ጸሓፊ ማግኘት በእኛ መሥሪያ ቤት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ይህችን መስመር ደግማችሁ አንብቧት። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ስለማይስማማም፣ ጾም ላይ የሚገኝ ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት።

አስፕሪንን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለ ሆነ ለዚህ ሕመም አይመረጥም። ሆኖም ለልቡ ታዝዞለት በየቀኑ የሚውጥ ሰው በራሱ አሳብ ማቋረጥ የለበትም፤ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ሁለተኛው፣ እንክብሉን አድቅቆ በድድ ላይ መነስነስ የቆየ ልማድ ነው፤ አስፕሪን አሲድ ነውና ድዱን ያቃጥለዋል፤ አንድ ቍስል የነበረው ሰው ሁለት ቍስል ይዞ ያድራል። ጓደኛ ከኪሱ አውጥቶ «ይህ ነው የሚያስተኛህ» እያለ የሚሰጠውን ትራማዶልም አትቀበሉ። ልማድ የሚያስይዝ ነው፤ ለዚህ ሕመምም ከላይ ከተናገርናቸው እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። ጎረቤት አጋምሶ ያስቀመጠው አሞክሳሲሊንም እንዲሁ ነው፤ እርሱ ተሕዋስያንን የሚገድል እንጂ ሕመምን የሚያስታግስ አይደለም፤ ሐኪም ካላዘዘውም ምንም ጉዳይ የለውም።

ስለ ምግብ ብዙ አንናገርም፤ ማንም የታመመ አፍ ይመርጣል። በመጀመሪያው ቀን እርጎ፣ ለብ ያለ አጥሚት፣ የተፈጨ ሙዝ ወይም አቮካዶ፤ በማግሥቱ በአልጫ ሽሮ የራሰ ፍርፍር ይበቃል፤ ማኘክም በሌላው ወገን ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ቆሎና ፈንዲሻ ለጥቂት ቀናት ይቆዩ። ቡና የማይሆንለት ሰው ካለ አቀዝቅዞ ይጠጣ፤ ቡናውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ይህን ማለት ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም። ለስላሳ መጠጥ በስትሮ መምጠጥ ግን የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። ሲጋራም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ በመምጠጡ የረጋውን ደም ይነቅላል፣ በጢሱም ለቍስሉ የሚመጣውን ደም ያሳንሳል። ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንቱን በሙሉ መተው ነው። ጫትም ቅጠሉ ከጕድጓዱ ስለሚወሸቅ፣ መጠጥም ደሙን ስለሚያነሣሣና ከመድኃኒቱ ጋር ስለማይስማማ ከዚህ ሳምንት ውጭ ይሁኑ። መፋቂያም ሆነ ብሩሽ የሌሎቹን ጥርሶች ማጽዳት አያቆምም፤ ከቍስሉ አጠገብ ግን አይድረስ። በስንጥር መጎርጎርማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ጓደኛዬ ያዘዘልኝ የጨው ውሃ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ የተሳሳተው በሰዓቱ ነው። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ፣ ከምግብ በኋላ በአፍ ውስጥ በቀስታ ማዘዋወርና ሳይተፉ አፍን ከፍቶ እንዲፈስ መተው እጅግ ጠቃሚ ነው። የአከራዬ አረቄ ግን በመጀመሪያውም ቀን ሆነ በሦስተኛው ስፍራ የለውም።

እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን መቀነስ አለበት። ሕመምም እንዲሁ በየቀኑ እያነሰ መሄድ ይገባዋል። በሦስተኛው ቀን ገደማ በጕድጓዱ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሽፋን ቢታይ፣ ያ አዲስ የሚበቅለው ሥጋ ሽፋን እንጂ መግል አይደለምና በጥጥ ለመጥረግ አትሞክሩ። ነገር ግን ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ቢነሣ፣ ወደ ጆሮ ቢወጣ፣ የአፍ ጠረንና ጣዕም ቢበላሽ፣ በመስተዋት ሲያዩትም ጕድጓዱ ባዶ ሆኖ አጥንቱ ቢታይ፣ ይህ በእኔ የደረሰው ነው። ሐኪሞች «ደረቅ ጕድጓድ» ይሉታል፤ ስሙን የሰጠው ክሮፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1896 ዓ.ም. ነው። በተለመደው ነቀላ ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ በስተመጨረሻ የሚበቅለው የታችኛው መንጋጋ ሲነቀል ግን እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። አስቸጋሪ ነቀላ የተደረገለት፣ የሚያጨስ፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ከሌላው ይልቅ ይጋለጣሉ። ስለዚህ የደረሰበት ሁሉ በጥፋቱ ነው ማለት አይደለም፤ እኔ ግን በጥፋቴ ነበር።

ሕክምናው ደግሞ አጭር ነው። ሐኪሙ ጕድጓዱን በጨው ውሃ አጥቦ፣ የቅርንፉድ ሽታ ያለው መድኃኒት የነካ ፋሻ አገባበት። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ዩጂኖል የሚባል የሚያደነዝዝ ነገር አለ፤ እናቶቻችን ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ ማስነከሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በአዲስ ቍስል ውስጥ ቅርንፉድ መወተፍ ሌላ ነገር ነውና ይህን ለሐኪሙ ተዉለት። ከዚያ ወንበር ሳልነሣ ሕመሙ ሲበርድ ተሰማኝ፤ ከእሑድ ማታ ጀምሮ ለምን እንደ ታገሥሁ ለራሴም መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ የፈቃድ ወረቀት ይዤ በአለቃዬ ፊት መቆም አፍሬ ነው።

በማፈር ስለሚመጣ ነገር ከተነሣ አንድ የከፋ ነገር መጨመር አለብኝ። በእኛ ግቢ ይኖር የነበረ ተማሪ፣ ፈተና በሚቀመጥበት ሳምንት የታችኛውን መንጋጋ አስነቅሎ ነበር። በአራተኛው ቀን እብጠቱ በመቀነስ ፋንታ ወደ አገጩ ሥር ወረደ፤ ትኵሳትም መጣ። «ሁለት ፈተና ነው የቀረኝ» እያለ ፎጣ በአንገቱ ጠምጥሞ ያጠና ነበር። በአምስተኛው ሌሊት ምራቁን መዋጥ አቅቶት ድምፁ ሲታፈን ታላቅ እኅቱ ሰምታ፣ እየተቈጣት አስገድዳ ሆስፒታል ወሰደችው። የገባው መመረዝ ከምላሱ ሥር ተስፋፍቶ የመተንፈሻውን መንገድ ሊዘጋበት ቀርቦ ነበር። ሐኪሞቹ መግሉን አፍስሰው፣ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጥተው አዳኑት። የቀሩትን ሁለት ፈተናዎች በኋላ ተቀመጠባቸው፤ ዘግይቶ የመጣ ፈተና ማንንም አይገድልም።

ስለዚህ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ ትኵሳት፣ አፍን መክፈት ወይም መዋጥ ማቃት ሲታይ ፈቃድም ፈተናም አይጠበቅም፤ ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ ማሳለፍ አይገባም። ከንፈር ወይም ምላስ በማግሥቱም እንደ ደነዘዘ ከቀረ፣ የላይኛው መንጋጋ ተነቅሎ የጠጡት ውሃ በአፍንጫ ከወጣ፣ ይህም ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ የላይኛውን ያስነቀለ ሰው ለጥቂት ቀናት በኃይል ባይናፈጥ፣ ሲያስነጥስም አፉን ቢከፍት መልካም ነው።

ከዚህ የቀረው የትዕግሥት ጉዳይ ነው። በወንበር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሥራው ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ኳስ መጫወትና ከባድ ነገር ማንሣት ግን ለሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ድዱ በሦስትና በአራት ሳምንት ይገጥማል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ጕድጓዱን እስኪሞላው ግን ወራት ይወስዳል። በመካከሉ እንደ አሸዋ ያለች ስለታም የአጥንት ስባሪ ከድዱ ብቅ ብትል የተተወ ጥርስ አይደለችም፤ ብዙ ጊዜ በራሷ ትወጣለች።

አከራዬም ባለፈው ዓመት ተራቸው ደርሶ ጥርስ አስነቀሉ። እኔ ከሐኪም ቤት ደግፌ ካመጣኋቸው በኋላ ትራስ ደራርቤ አስተኛኋቸው፤ ወደ ጓዳም ገብቼ የአረቄውን ጠርሙስ አንሥቼ ወደ ክፍሌ ወሰድሁት። በአሥረኛው ቀን መጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ድኛለሁ፤ ጠርሙሴን አምጣ» አሉኝ። አፋቸውን አስከፍቼ አየሁና መለስሁላቸው።